ልጆቻችንና ጫካው፤ ከካርቱም ሪያድ እስከ ጣና ዳር

በካርቱም ከተማ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተምሥራቅ፣ ሪያድ የሚባል ሰፈር አለ። ቃሉ በዐረብኛ የአትክልት ሥፍራዎች ማለት ነው። ከሰፈሩ የታወቁ መንገዶች አንዱም «መሽተል» ይባላል፤ ትርጓሜው የችግኝ ማፍያ ነው። ዙሪያዋን አሸዋና አቧራ በከበባት፣ የዓመቱ ዝናብ ሁሉ ተጠራቅሞ ከአንድ ስንዝር በማያልፍባት ከተማ፣ ሰው ሰፈሩን በአትክልት፣ መንገዱን በችግኝ ስም መጥራቱ ለጥላ ያለውን ናፍቆት ያስረዳል። በአብዬና በዳርፉር በሰላም አስከባሪነት ዘምተው የሱዳንን ፀሐይ የቀመሱ አባሎቻችን ይህን ናፍቆት ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል።

በሪያድና በአካባቢው ሰፈሮች ብዙ ኢትዮጵያውያን ኖረዋል። በሰው ቤት ተቀጥረው የሠሩ፣ በየጥጉ ቡናና ሻይ አፍልተው የሸጡ፣ ወደ ሌላ አገር ለመሻገር ተራ ሲጠብቁ ልጅ ወልደው ያሳደጉ ነበሩ። ልጆቻቸው ያደጉት በግንብና በግንብ መካከል ነው። ዓርብ ቀን፣ የከተማው ሰው ሁሉ ከሥራ ሲያርፍ፣ የካርቱም ቤተሰብ ምንጣፉንና የሻይ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ከሚሄድባቸው ሥፍራዎች አንዱ በከተማው ምዕራብ፣ በነጭ ዓባይ ዳር የሚገኘው የሱኑት ጫካ ነበር።

የዚህ ሳምንት የቤተሰብ ዓምዳችን ስለዚያ ጫካና ልጆች ከጫካ ስለሚማሩት ትምህርት ያወሳል። ውድ አንባቢዎቻችን፣ «የካርቱም ጫካ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ጥያቄ ቢያነሡ አንፈርድባቸውም። መልሱ ከውሃው ይጀምራል።

«ሱኑት» ሱዳኖች ለአንድ የግራር ዓይነት የሰጡት ስም ነው። እሾሁ ነጭና ቀጥ ያለ ሲሆን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይበቅላል። አበባው ቢጫ እንክብል ነው። የፍሬው ዛላ በየዘሩ መካከል ጠበብ እያለ ስለሚሄድ በክር የተሰካ ዶቃ ይመስላል። ሱዳኖች ዛላውን «ገረድ» ይሉታል፤ ቆዳ ያለፉበታል፣ ሳልና ጉንፋን የያዘው ሰውም ጢሱን ይታጠነዋል። እንጨቱ ጠንካራ በመሆኑ የዓባይ ጀልባዎች ይሠሩበታል። ሄሮዶቱስ የተባለው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ከ2,400 ዓመታት በፊት ግብፃውያን የጭነት ጀልባቸውን ከግራር እንጨት እንደሚሠሩ ጽፏል። በካርቱም የሚገኘው ጫካ እ.ኤ.አ. በ1939 የተከለለ ደን ሆነ።

ይህን ዛፍ ከብዙዎች የሚለየው በውሃ ውስጥ ቆሞ ወራት ማሳለፍ መቻሉ ነው። በሐምሌ በጎጃምና በጎንደር፣ በወሎና በሸዋ የሚወርደው ዝናብ ዓባይን ሞልቶ ወደ ምዕራብ ይነጉዳል። ነሐሴ ላይ ካርቱም ሲደርስ፣ ሁለቱ ወንዞች በሚገናኙበት ሱዳኖች «ሞግራን» በሚሉት ሥፍራ፣ የእኛው ዓባይ ነጩን ወንዝ እንደ ግድብ ሆኖ ያቆመው ነበር። መሄጃ ያጣው ነጭ ዓባይ በዳርቻው ላይ ይተኛል፤ የሱኑት ዛፎችም ጉልበታቸው ድረስ በውሃ ውስጥ ይቆማሉ። በሰከላ ሜዳ የእረኛውን ገሳ ያበሰበሰው ዝናብ በወሩ ገደማ የካርቱምን ጫካ አጠጣ ማለት ነው። ከ2012 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ውሃ መያዝ በመጀመሩና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በመመረቁ ወንዙ እየተገራ መጥቷል፤ እዚህ ላይ የምንተርከው የቀድሞውን ጠባዩን ነው።

እንግዲህ በዚያ ጫካ ዳር የሚያድግ ልጅ መጽሐፍ ሳይገልጥ ምን ይማር እንደ ነበር እንመልከት።

በነሐሴ ጫካው ለእግረኛ ዝግ ነው። ልጁ ደረቁ መሬት ላይ ቆሞ ዛፎቹ ከውሃ ውስጥ ብቅ ብለው ያያል፤ አእዋፍ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘሉ እግራቸው መሬት የሚነካበት ቦታ የለም። በጥቅምት ውሃው ይሸሻል። ግንዱ ላይ ደለሉ የደረሰበትን ከፍታ የሚያሳይ መስመር ትቶ ይሄዳል፤ ልጁ ከመስመሩ ሥር ቆሞ ቁመቱን ሲለካ ባለፈው ዓመት ትከሻው ላይ የነበረው ዘንድሮ ደረቱ ላይ መሆኑን ያስተውላል፤ ውሃው አንሶ ወይስ እሱ አድጎ? ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ልጅ ሒሳብ ጀምሯል። ጭቃው ሲደርቅ እየተሰነጠቀ ይሄዳል፤ የወፍ ዱካ፣ የውሻ ዱካ፣ የሰው ዱካ ታትሞበት ይቀራል። ውሃው በለቀቀው እርጥብ ዳርቻ ላይ ገበሬዎች አትክልት ይዘራሉ።

ከኅዳር እስከ የካቲት ቀዝቃዛው የሰሜን ነፋስ ይነፍሳል። ይህ የካርቱም መልካሙ ወቅት ነው። የአውሮፓ ብርድ ያሳደዳቸው አእዋፍ የዓባይን መሥመር ተከትለው ይወርዳሉ፤ ዳክዬውም፣ ሽመላውም፣ በጭቃ ላይ በረጅም እግሩ የሚራመደውም ሁሉ ይመጣል። ለሪያድ ልጅ አውሮፓ የሚባለው አገር መኖሩን በካርታ ላይ ከማየቱ በፊት እንግዶቹ በዓይኑ ፊት ያርፉ ነበር። መጋቢት ሲገባ እነሱ ይሄዳሉ፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ልጁም ጥላ ምን ማለት እንደ ሆነ በቆዳው ይማራል። ከዚያ በኋላ «ሀቡብ» የሚሉት የአቧራ ማዕበል ከሰማይ እስከ ምድር እንደ ግድግዳ ቆሞ ይመጣል፤ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ የሚያደርገውና ዛፎች መካከል የሚያደርገው አንድ አይደለም። ዝናቡ ይከተላል፤ ወንዙ ይሞላል፤ ዓመቱ ዞሮ ይገጥማል።

ከዚህ የምንወስደው ነገር አንድ ነው። ልጅ ከጫካ የሚማረው አንድ ቀን ተወስዶ፣ ዳቦ በልቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሲመለስ አይደለም። ወደ አንዱ ሥፍራ፣ ወደዚያው ዛፍ፣ በክረምትም በበጋም ደጋግሞ ሲመለስ ነው። ሽርሽር መልካም ነው፤ ትምህርት የሚሆነው ግን መመላለሱ ነው።

የሱኑት ጫካ ዛሬ በቀድሞ መልኩ አይገኝም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ በአጠገቡ ታላላቅ ሕንጻዎች ለመሥራት በወጣው ዕቅድ ምክንያት የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ቅሬታ አሰምተው ነበር። የባሰው ግን ኋላ መጣ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል በካርቱም ውጊያ ተነሣ። የሪያድ ነዋሪ እንደ ሌላው ሰፈር ሁሉ ሸሸ፤ ከወገኖቻችን ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ይዘው በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ። በከተማው የቀረው ሕዝብ መብራትም ጋዝም አጣ። እንጨት ብቸኛው ማገዶ ሆነ። መጋቢት 2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ከተማይቱን መልሶ ሲይዝ ከጫካው አብዛኛው ተጨፍጭፎ ጉቶ ሆኖ ነበር።

ለልጆቿ ኪስራ ለመጋገር ቅርንጫፍ በቆረጠች እናት ላይ አንፈርድም። በጦርነት ውስጥ ያለፈ ሁሉ ይህን ያውቃል። ይሁንና ለእራት የተቆረጠ ቅርንጫፍና ለከሰል ነጋዴ ከሥሩ የተጋደመ ዛፍ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። የሆነው ሆኖ፣ ጦርነቱ በተጀመረበት ወር በሪያድ የተወለደ ልጅ ፊደል የሚቆጥርበት ዕድሜ ሲደርስ፣ ታላቅ ወንድሙ የሚያወራለትን ጫካ አያገኘውም። ሕንጻ በጥቂት ዓመታት ይጠገናል። የሱኑት ዛፍ ግን ልጅ የሚያስጠልል እስኪሆን ድረስ ያ ልጅ ራሱ ጎልማሳ ይሆናል።

ልጅን ጫካ ውስጥ ማስተማር አዲስ ነገር የሚመስለው ይኖራል። በስዊድን አገር እ.ኤ.አ. በ1957 ዬስታ ፍሩም የተባለ ቀድሞ ወታደር የነበረ ሰው «ስኩግስሙለ» የሚባል የጫካ ፍጡር ፈጠረ። ስኩግ በአገሩ ቋንቋ ጫካ ማለት ነው። ይህ ፍጡር ልጆችን በዛፎች መካከል እየመራ ዕፅዋትንና እንስሳትን የሚያስተዋውቅ፣ የሚዘፍን፣ የሚያጫውት ነው። ከዚያ የተነሣው ልማድ በብዙ የስዊድን ሕፃናት ዘንድ ተስፋፍቶ፣ በዝናብም በበረዶም ከቤት ውጭ የሚውሉ መዋዕለ ሕፃናት እስከ መክፈት ደርሷል። በዴንማርክና በጀርመንም ተመሳሳይ ትምህርት ቤቶች አሉ። አንድ ወታደር ጫካን ከሽፋንና ከምሽግ አሻግሮ የልጆች መማሪያ አድርጎ ማየቱን እኛ የምንወድለት ነው።

ነገር ግን በዚህ ረገድ ከስዊድን የምንበደረው ያን ያህል ብዙ አይደለም። በዋሸራና በጎንጂ፣ በዋድላም የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ የሰማውን ምሥጢር ይዞ ከሰው ርቆ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ «ቅኔ ሊቆጥር ሄደ» ይባላል። ለቅኔው ሰምና ወርቅ የሚሆነውን ከፊቱ ካለው ያነሣል፤ ከንቡ፣ ከሐረጉ፣ ከደረቀው ቅጠል። የቆሎ ተማሪ ጎጆ የሚቀለሰውም በቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ጥግ ነው። እረኛውም ቢሆን ፊደል ባይቆጥር በርካታ የዛፍና የሣር ስም ያውቃል፤ የትኛው ለሞፈር፣ የትኛው ለዋሽንት እንደሚሆን፣ ከብት በልቶት የሚነፋው ሣር የትኛው እንደ ሆነ በቃሉ ይዟል። የጎደለው ይህ እውቀት ከትምህርት ቤት ጋር አለመገናኘቱ ነበር። አሁን ደግሞ ልጆቻችን ትምህርት ቤቱን አግኝተው እውቀቱን እያጡ ነው።

በጦር ሰፈር ለምናሳድጋቸው ልጆች ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። አባት ይዛወራል፤ ልጅ ጓደኛውንና መምህሩን ትቶ ይከተላል። አዲሱ ሰፈር ሲደርስ ማንንም አያውቅም። ዛፍ የሚያውቅ ልጅ ግን ከሰው በፊት የሚያውቀው ያገኛል። ባሕር ዳር የለየውን ዋንዛ በጎጃም ወይና ደጋ ሁሉ ያገኘዋል። ግራርን መተማም ይሁን ጅግጅጋ አይስተውም። ጽድ ካየ ደጋ መውጣቱን፣ ዋርካ ካየ ሰው ለሽምግልና የሚቀመጥበትን ቦታ ማግኘቱን ያውቃል። ለተንከራተተ ልጅ ይህ ትንሽ መጽናኛ አይደለም።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች በየሳምንቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ለዚህ ጉዳይ ቢመድቡ እንወዳለን። ጥቅጥቅ ያለ ደን ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። ከግቢው አጠገብ ያለው የባሕር ዛፍ ተራ እንኳ ትምህርት አለው፤ ከሥሩ ለምን ብዙ ነገር እንደማይበቅል ልጁ ይጠይቅ፤ ከሀገር በቀሉ ዛፍ ሥር ካለው ሣርና ቁጥቋጦ ጋር ያመዛዝን። ልጁ የራሱን ዛፍ ይምረጥ። አንድ ደብተር ይኑረው፤ በየወሩ ቅጠሉን፣ አበባውን፣ ያረፈበትን ወፍ ይሣልበት ወይም ይጻፍበት።

ወቅቶቹ ራሳቸው መምህር ናቸው። መስከረም ሲጠባ አደይ ሜዳውን ያለብሰዋል፤ ልጃገረዶች እንግጫ ይነቅላሉ። አደይ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ታይቶ የሚጠፋው ለምንድን ነው? ዘሩ ዓመቱን ሙሉ የት ይቀመጣል? አፈሩን ጫር ጫር አድርጎ መፈለግ ነው። በዚሁ ወቅት ዋንዛው ነጭ አበባውን ሲያፈካ ንቦች ይሰፍሩበታል። ጎጆዋን በቅርንጫፍ ጫፍ ላይ እንደ ስፌት የምትሰፋውን ቢጫ ወፍ ሁሉም ያውቃታል፤ ዳሩ ግን ሰፊው ወንዱ ነው። ሠርቶ ሲጨርስ እንስቷ መጥታ ትመረምራለች፤ ሥራው ካላማራት ትታው ትሄዳለች። ይህን የምንጽፈው ለባሎች ተግሣጽ እንዲሆን አይደለም፤ ልጆች ግን ሲያዩት መሳቃቸው አይቀርም።

በታኅሣሥ የገና ጨዋታ ይመጣል። ሜዳ ከመውጣት በፊት ጫፉ የቆለመመ ዱላ ከጫካ መፈለግ አለበት። የወይራው ጠንካራና ከባድ መሆኑን፣ ሌላው በመጀመሪያው ምት እንደሚሰበር ልጅ የሚማረው በዚህ ጊዜ ነው። ሕያው ዛፍ ሳይጎዳ ቅርንጫፍ አቆራረጥንም አባት በዚህ አጋጣሚ ያሳየዋል። በየካቲትና በመጋቢት ምድሩ ደርቆ ሳለ አንዳንድ ግራሮች ዝናብ ሳይጠብቁ ለምለም ቅጠል ያወጣሉ። ውሃውን ከየት አመጡት? ለዚህ ጥያቄ ልጁ ራሱ ወደ መሬት ውስጥ ቢያስብ ይሻላል፤ እናት ቶሎ መልሱን አትንገረው።

ክረምቱ ግን ከሁሉ የበለጠ ትምህርት አለው፤ እኛም ልጆችን ቤት የምንዘጋባቸው በክረምት ነው። አንድ ቀላል ሙከራ እናቀርባለን። ሁለት ባዶ ጠርሙሶች ይዘጋጁ። ከባድ ዝናብ ጥሎ እንዳባራ፣ አንዱን ከዛፎች ሥር በሚወርደው ውሃ፣ ሁለተኛውን ከተራቆተው መሬት በሚወርደው ውሃ ይሙሉት። ሁለቱም መስኮት ላይ ይደሩ። ጠዋት ልጁ በታች የዘቀጠውን አፈር በጣቱ ስፋት ይለካ። ከዛፉ ሥር የመጣው ጥቂት ይዘቅጠዋል፤ ከተራቆተው የመጣው ግን ቀይ አፈር ተኝቶበት ይታያል። ግንድ ይዞ ይዞራል የተባለለት ዓባይ ይዞ የሚሄደው አፈር ይህ ነው። በካርቱም በሱኑት ግንድ ላይ መስመር ያሰመረውም ደለል ከዚሁ ዓይነት ጠርሙስ የወጣ ነው። የጦር ሰፈሩ ልጅ ዛፍ የሌለበት ኮረብታ ምን እንደሚሆን በዚህ ሙከራ ይረዳዋል፤ ንግግር አያሻውም።

በጣና ዙሪያና በደቡብ ጎንደር የሚኖሩ ቤተሰቦች ደግሞ የተለየ ዕድል አላቸው። ማሳው ሁሉ ታርሶ ባለቀበት አገር በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የተረፈው ደን እንደ ደሴት ይታያል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንድ አገር በቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን አቅርበዋል፤ ጥናታቸው በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን ያካተተ ነበር። ከዚያ በኋላ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ላውማን ጋር በመሆን፣ ከብት ገብቶ ቡቃያውን እንዳይበላው ሕዝቡ በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አስተባብረዋል። ድንጋዩ ከየማሳው የተለቀመ በመሆኑ ለገበሬው እርሻውን አጸዳለት፤ ካቡ ደግሞ ደኑን ጠበቀ። ልጅን ወደዚያ የሚወስድ ወላጅ የሥፍራውን ክብር ያስተምረው፤ ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ ቅጠል አለመቀንጠስ፣ ጫማ የሚወለቅበትን ማወቅ። ዝም ብሎ መቀመጥ ሲለምድ ጉሬዛው ራሱ ወርዶ ያየዋል። በሰሜን ሸዋ አቅራቢያ ያሉ ደግሞ ከደብረ ሲና በላይ የወፍ ዋሻ ደን አላቸው፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የመናገሻን ተራራ ያለበሱት ከዚያ በመጣ የጽድ ዘር እንደ ሆነ ይነገራል።

እዚህ ላይ ዝም የማንለው ጉዳይ አለ። ወንዱ ልጅ ጫካ የሚሄደው ሊጫወት ነው። ሴቷ ልጅ የምትሄደው ጭራሮ ልትለቅም፣ ውሃ ልትቀዳ ነው። ጫካውን ከወንድሟ ይልቅ ብዙ ጊዜ ታየዋለች፤ ግን ጎንበስ ብላ፣ ጀርባዋ ላይ ሸክም አድርጋ፣ ለእራት ለመድረስ እየተጣደፈች። ቀና ብላ የምታይበት ጊዜ አልተሰጣትም። የሳምንቱ የጫካ ሰዓት ለእሷም ይሁን፤ በዚያን ዕለት ማገዶውን ወንድሟ ይልቀም፤ እሷ ደብተሯን ትያዝ። ልብስ ይቆሽሻል የሚለው ሥጋት በሴት ልጅ ላይ ብቻ ሲነሣ እንሰማለን፤ ጭቃው ግን ወንድና ሴት አይለይም፤ ሳሙናውም እንዲሁ።

አደጋውን ሳንጠቅስ ልጆችን ወደ ዱር እንዲወጡ መምከር ተገቢ አይሆንም። ከሁሉ የከፋው ሰው ትቶት የሄደው ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ውጊያ በተካሄደባቸው ሥፍራዎች ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ በሣርና በቁጥቋጦ ውስጥ ተሸሽጎ ሊገኝ ይችላል፤ በካርቱምም ወደ ቤታቸው ለተመለሱ ቤተሰቦች ይኸው ሥጋት ተደቅኗል። በዚህ ጉዳይ ላይ ከወታደር አባት የተሻለ መምህር የለም። ልጁን ቁጭ አድርጎ ይንገረው፤ የማያውቀውን ብረት አይንካ፣ በእግሩ አይምታ፣ ድንጋይ አይወርውርበት። በመጣበት ዱካ ወደ ኋላ ይመለስ፤ ለታላቅ ሰው ይናገር። ውጊያ በነበረበትና ባልተፈተሸ ሥፍራ ግን ልጅ ፈጽሞ አይግባ፤ ለጫካ ሰዓት የግቢው ዛፍ ይበቃል።

ሌሎቹ አደጋዎች በእናት እጅ የሚጠበቁ ናቸው። አስተናግርና ጉሎ በየመንደሩ ዳር ይበቅላሉ፤ የሁለቱም ፍሬ ልጅን ይገድላል። የቅንጭብ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል። አጋምና እንጆሪ፣ ሾላና ዶቅማ ቢበላ ደስ ይለናል፤ ያላወቀውን ፍሬ ግን ለእናቱ ሳያሳይ አፉ ውስጥ አይክተት፤ እንጉዳይንማ ከሚያውቅ ሰው ጋር ካልሆነ አይልቀም። ረጅም ሣር ውስጥ ሲገባ ጫማ አድርጎ፣ ከፊቱ በዱላ እየመታ ይሂድ፤ እባብ የሰው ኮቴ ከሰማ በአብዛኛው ይሸሻል። መብረቅ ሲያጉረመርም ለብቻው የቆመ ዛፍ ሥር አይጠለል። በደረቀ ወንዝ ውስጥም አይጫወት፤ እሱ ባለበት ፀሐይ ሆኖ ሳለ ከበላይ የዘነበው ሊደርስበት ይችላል።

ባለቤቶቻቸው ግዳጅ ላይ ያሉ እናቶች ይህን ሁሉ ብቻቸውን እንዲሸከሙት አንጠብቅም። ሦስት አራት ጎረቤታሞች ተራ ቢገቡ በወር አንድ ቀን ነው የሚደርሳቸው። አባትም ከሩቅ ሆኖ ድርሻ አለው። በስልክ ሲያገኘው «ትምህርት እንዴት ነው?» ብሎ ብቻ ከሚያልፍ፣ «ዛፍህ አበበ ወይ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ልጁ የሚያወራው አያጣም።

ልጆች ራሳቸው ዘር ዘርተው ማብቀል ለሚፈልጉ ቤተሰቦች ግራር ጥሩ ጀማሪ ነው። የበሰለ ዛላ ከዛፉ ሥር ይለቀም፤ ዘሩ ይፈልፈል። የዘሩ ልባስ ድንጋይ ነው የሚመስለው፤ እንዲሁ ቢቀበር ወራት ሳይበቅል ሊቆይ ይችላል። ፍየል በልታ ካወጣችው ቶሎ የሚበቅለውም ሆዷ ውስጥ ልባሱ ስለሚለሰልስ ነው። ፍየሏን ለመተካት ውሃ አፍልቶ ከእሳት አውርዶ በዘሩ ላይ ማፍሰስና እዚያው አቀዝቅዞ እስከ ማግሥቱ መተው ነው። ያበጡትን መርጦ፣ የወተት ከረጢት ወይም ታችኛው የተበሳ ቆርቆሮ ውስጥ አፈር ሞልቶ፣ ጥፍር በሚያህል ጥልቀት መቅበር። በየካቲት ወይም በመጋቢት የተዘራ ለሐምሌ ይደርሳል። ዝናቡ መሬቱን ሲያጠግብ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል፤ በዙሪያው እሾህ ይታጠር፤ ዘሩን ያለሰለሰችው ፍየል ቡቃያውንም አትምርምና።